ጉልበተኛው ማሽን ለምን ይሸነፋል?

ጋሼ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የመጫወቻና የኤሌክትሮኒክስ መደብር ለረጅም ጊዜ ሠርተዋል፤ መጀመሪያ ከመጋዘን ዕቃ እያወጡ፣ በኋላ የጌም ክፍሉን እየመሩ። የእህታቸው ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚያው አካባቢ ኮሌጅ ገብቷል፤ ሶፍትዌር ይማራል፤ ጌም ሠርቶ የመሸጥ ሐሳብ አለው። ጨዋታው የተነሣው ወጣቱ የሁለት ማሽኖችን አቅም በስልኩ ሲያነጻጽር ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ይቺን ይመልከቱልኝ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ በወረቀት ላይ የግራፊክስ አቅሙ ከፕሌይስቴሽን 5 ይበልጣል። በሽያጭ ግን አጠገቡ አይደርስም። እንዴት ነው ነገሩ?

ጋሼ፦ ሰው አቅም የሚገዛ ቢሆን ኖሮ ኒንቴንዶ ድሮ በሩን በዘጋ ነበር። ጌም ቦይን ታውቀዋለህ?

ወጣቱ፦ በፎቶ።

ጋሼ፦ በ1989 ሲወጣ ስክሪኑ ቀለም አልነበረውም፤ መብራትም አልነበረውም። አረንጓዴ በመሰለ መደብ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ሲንቀሳቀስ ነው የምታየው። ልጆች ምስሉ እንዲታያቸው ወደ መስኮት ዞረው ይቆሙ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሴጋ ጌም ጊርን አመጣ፤ ባለ ቀለም፣ ከውስጥ የሚበራ። ሁለቱን አብርተህ ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው ጌም ቦይ ያሳዝንሃል። ልጁ እጁን የሚሰደው ወደ ጌም ጊር ነው። እናቱ ግን ሳጥኑን ገልበጥ አድርጋ ታነባለች። ስድስት ባትሪ ይፈልጋል፤ ያም ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ቢያቆየው ነው። ጌም ቦይ በአራት ባትሪ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሄዳል። ዋጋውም 90 ዶላር ገደማ ነው፤ ያኛው 150። በዚያ ላይ ቴትሪስ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ነበር፤ ቴትሪስን ደግሞ እናትየውም ትጫወተዋለች። በመጨረሻ ጌም ቦይ፣ ባለ ቀለም ታናሹን ጨምሮ፣ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ጌም ጊር 10 ሚሊዮን ተኩል አካባቢ ላይ ቆመ።

ወጣቱ፦ ስለዚህ ደካማ መሥራታቸው አውቀው ነው?

ጋሼ፦ አውቀው ነው። ጉንፔይ ዮኮይ የሚባለው የኒንቴንዶ ሰው መንገዱ ይኼ ነበር፤ የረከሰና ጠባዩ በደንብ የታወቀ ቴክኖሎጂ ይወስድና ማንም ላላሰበው ነገር ያውለዋል።

ወጣቱ፦ ያ የጥንት ነገር ነው። ፕሌይስቴሽን 4ን ደግሞ ይውሰዱ። ከኤክስቦክስ ዋን ይበልጥ ነበር፤ አሸነፈም።

ጋሼ፦ እሱስ እውነት ነው። ግን በ2013 ሲወጡ ፕሌይስቴሽን 4 በ399 ዶላር ነበር፤ ኤክስቦክስ ዋን ኪኔክት የሚሉትን ካሜራ በግድ አስከትሎ 499። የተሻለውን በመቶ ዶላር ቅናሽ ካገኘህ ማን ይጠላል? ለብቻው ሲሆን ግን አቅም ብዙ አያራምድም። ፕሌይስቴሽን 2 ከኒንቴንዶው ጌምኪዩብም ከመጀመሪያው ኤክስቦክስም ያነሰ ጉልበት ነበረው። ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ሁለቱን ተቀናቃኞቹን ብትደምራቸው 50 ሚሊዮን አይሞሉም።

ወጣቱ፦ እንግዲያው ዋጋ ነዋ! ቁርጥ ያለ መልስ አገኘሁ።

ጋሼ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። ዋጋ ምን ያህል እንደሚሠራ መጀመሪያ ልንገርህና ከዚያ የት ላይ እንደሚቆም አሳይሃለሁ። በግንቦት 1995 ሎስ አንጀለስ ላይ ኢ3 የሚባለው ትልቅ ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ። የሴጋው አለቃ ቶም ካሊንስኪ መድረክ ላይ ወጣና ሳተርን የተባለው አዲሱ ማሽናቸው በመስከረም ሳይሆን ዛሬውኑ ገበያ ላይ ውሏል፣ ዋጋው 399 ዶላር ነው አለ። አዳራሹ ተገረመ። ቀጥሎ ፕሌይስቴሽንን ሊያወጣ የተዘጋጀው ሶኒ ተራ ደረሰው። ስቲቭ ሬስ የሚባለው ኃላፊ ወረቀቶቹን ይዞ ወጣና «299» ብሎ ተመልሶ ወረደ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ወጣቱ፦ እና ሳተርን እዚያው ሞተ?

ጋሼ፦ ክፉኛ ቆሰለ። ግን ስማኝ፣ የገደለው መቶ ዶላሩ ብቻ አይደለም። ሴጋ ለድንገቴው ሲል ማሽኑን የሰጠው ለአራት ቸርቻሪዎች ብቻ ነበር፤ የቀሩት ከጋዜጣ ነው የሰሙት። ኬቢ ቶይስ የተባለው ትልቅ የመጫወቻ መደብር ጭራሽ የሴጋን ዕቃ አልሸጥም አለ። ጌም ሠሪዎቹም ለመስከረም ነበር የሚዘጋጁት፤ ስለዚህ ማሽኑ ሲወጣ የሚጫወቱት ጌም ከጥቂት በላይ አልነበረም። አየህ፣ በአንድ ጠዋት ባለ ሱቁንም ጌም ሠሪውንም አስቀየሙ። ገዢው ገና ሱቅ አልደረሰም፤ ነገሩ ግን አልቋል።

ወጣቱ፦ ዋጋ የት ላይ ነው የሚቆመው ያሉኝ?

ጋሼ፦ የሴጋው ድሪምካስት ላይ። በነገራችን ላይ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው፤ ኢንተርኔት የሚገናኝበት ሞደም ከውስጡ ይዞ ነበር የመጣው፣ ያውም በ1999። 199 ዶላር ብቻ። አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያው ቀን ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕቃ ሸጠ። ያን ጊዜ ፕሌይስቴሽን 2 ገና ወሬ ነበር፤ አሜሪካ የገባው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፣ በ299። ታዲያ መቶ ዶላር የረከሰው፣ ከእጅ የገባው ማሽን ቁሞ ሰዉ ወሬውን ጠበቀ። በመጋቢት 2001 ሴጋ ምርቱን አቆመ፤ 9 ሚሊዮን ትንሽ አለፍ ብሎ ነበር የተሸጠው። ከዚያ ወዲህ ሴጋ የቤት ማሽን ይዞ ወደ ውድድሩ አልተመለሰም፤ ጌም ብቻ ይሠራል። ጌምኪዩብም እንዲሁ ነው፤ 199 ዶላር ነበር፣ ከእኩዮቹ ርካሽ፤ 21 ሚሊዮን ከምናምን ላይ ቀረ።

ወጣቱ፦ ለምን ጠበቁ? ይኼ አይገባኝም።

ጋሼ፦ ሦስት ነገር አስብ። ፕሌይስቴሽን 2 ዲቪዲ ያጫውታል፤ ያን ጊዜ የዲቪዲ ማጫወቻ ራሱ ውድ ነበር። አባትየው «ጌም አልገዛም» ቢል እንኳ «ፊልም ማያ ነው» ይባላል፤ ቤት ውስጥ ክርክሩ አለቀ። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሲዲዎች አዲሱ ላይም ይሠራሉ፤ ስለዚህ ቤትህ ያለው ንብረት አይጣልም። ሦስተኛውና ዋናው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ነው። ያን ጊዜ የፊፋንና ማደን የሚባለውን የአሜሪካ ፉትቦል ጌም ይሠራ የነበረው ኩባንያ ለድሪምካስት አንድም አልሠራም። አሜሪካዊ ልጅ ያለ ማደን፣ አውሮፓዊ ልጅ ያለ ፊፋ... ሴጋ የራሱን የስፖርት ጌም ሠርቶ ነበር፤ ጥሩም ነበር፤ ግን ሌላ ነው።

ወጣቱ፦ አሁን የሚሉኝ ጌሙ ነው ማሽኑን የሚሸጠው ነው። ይኼንንማ ሁሉም ይለዋል።

ጋሼ፦ ሁሉም ይለዋል፤ ግን ግማሹን ነው የሚለው። ጌም ማሽን እንደሚሸጥ በ1980ም ይታወቅ ነበር፤ አታሪ ስፔስ ኢንቬደርስን ለቤት ማሽኑ ሲያወጣ ሰዎች ለዚያ ጌም ብለው ማሽኑን ገዙ። ያልተባለው ግማሽ ምንድነው ብትል፣ ጌሙ ከሰማይ አይወርድም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይሠራዋል። ያ ሰው ወይም ያ ኩባንያ ሁለት ሦስት ዓመቱንና ገንዘቡን ለየትኛው ማሽን እንደሚያፈስ የሚወስነው ማሽኑ ሱቅ ሳይደርስ ነው። ስለዚህ የጌም ማሽን የመጀመሪያ ደንበኛ አንተ ነህ።

ወጣቱ፦ እኔ? እኔማ ገንዘብም የለኝ።

ጋሼ፦ አንተ ማለቴ ጌም ሠሪው። መጀመሪያ እሱ ይገዛል፣ ከዚያ ባለ ሱቁ፣ ከዚያ ተጫዋቹ። ይኼን የሳተ ማሽን ምንም ቢያብለጨልጭ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። የኒንቴንዶና የሶኒን ጠብ ታውቃለህ?

ወጣቱ፦ አብረው ሊሠሩ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።

ጋሼ፦ ሊሠሩ ተዋውለው ነበር። ሶኒ ለሱፐር ኒንቴንዶ የሲዲ ማጫወቻ ሊሠራለት ነበር፤ ከሶኒ በኩል ነገሩን የሚገፋው ኬን ኩታራጊ የሚባል መሐንዲስ ነበር። በ1991 ቺካጎ ላይ በነበረው ትርኢት ሶኒ ይህንኑ ለዓለም አበሠረ። በማግስቱ ኒንቴንዶ ተነሥቶ የሲዲውን ሥራ ከፊሊፕስ ጋር እንደሚሠራ ተናገረ። በአደባባይ! ሶኒ ከዚህ ውርደት በኋላ የራሱን ማሽን ሠራ፤ በታኅሣሥ 1994 ጃፓን ውስጥ ፕሌይስቴሽን ሆኖ ወጣ። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ ቂም እንዴት እንደተወጣ ለማውራት ይመቻል። ለእኔ ግን ዋናው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ወጣቱ፦ ምን አለ ከዚያ በኋላ?

ጋሼ፦ ኒንቴንዶ 64 በ1996 ሲወጣ ካርትሪጅ ይዞ ቀረ። ካርትሪጅ ቶሎ ይከፈታል፣ ለመቅዳትም ያስቸግራል፤ ሲዲ ግን ያስጠብቃል። ለተጫዋቹ ካየኸው ክፉ ምርጫ አይደለም። አሁን እንደ ጌም ሠሪ እየው። ካርትሪጁን የሚያመርተው ኒንቴንዶ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ገና አንድ ሳትሸጥ ስንት እንደምትፈልግ ገምተህ ገንዘቡን አስቀድመህ ትከፍላለህ። አብዝተህ ካዘዝክ የቀረው መጋዘንህን ይሞላል፤ አሳንሰህ ካዘዝክ ደግሞ ተጨማሪው እስኪመጣ ገበያው ያልፍሃል። ሲዲ ግን ለማተም ሳንቲም ነው የሚፈጀው፤ ካለቀ ቶሎ ይደገማል። ቦታውን ደግሞ እይ፤ አንድ ሲዲ ወደ 650 ሜጋባይት ይይዛል፤ የኒንቴንዶ 64 ትልቁ ካርትሪጅ 64 ሜጋባይት ነው።

ወጣቱ፦ አሥር እጥፍ!

ጋሼ፦ ስኩዌር የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ፋይናል ፋንታሲን የሚያወጣው ለኒንቴንዶ ነበር፤ ከመጀመሪያው እስከ ስድስተኛው። ሰባተኛውን ሲያስቡት እንደ ፊልም ያለ ትዕይንት ሊያስገቡበት ፈለጉ፤ ካርትሪጅ ውስጥ የሚገባ አልሆነም። ጥለው ወደ ሶኒ ሄዱ። ጌሙ በ1997 ወጣ፤ ሦስት ሲዲ ሞልቶ። ጃፓን ውስጥ ይኼ ተራ ዜና አልነበረም። ሰዉ «ፋይናል ፋንታሲ የት ሄደ?» ብሎ ተከትሎ ሄደ፤ ሌሎቹም ጌም ሠሪዎች «ስኩዌር ከሄደ እኛስ ምን እንጠብቃለን?» አሉ። ኒንቴንዶ 64 እኮ ድንቅ ጌም ነበረው፤ ማሪዮ 64 እስከ ዛሬ ይወራለታል። ግን አብዛኛው ከራሱ ከኒንቴንዶ ቤት ነው። 33 ሚሊዮን ገደማ ተሸጠ፤ ፕሌይስቴሽን ከ100 ሚሊዮን አለፈ።

ወጣቱ፦ ሶኒ እንዲህ ጌም ሠሪውን የሚያከብር ከሆነ ፕሌይስቴሽን 3 ላይ ምን ነካው? አስተማሪያችን ሴል ስለሚባለው ፕሮሰሰር ሲያወራ ያማርራል።

ጋሼ፦ ድል ያሰክራላ! በ2006 ያወጡት ማሽን ሴልን የያዘ፣ ብሉ ሬይ የሚያጫውት፣ በ499 እና በ599 ዶላር የሚሸጥ ነበር። ያም ሆኖ ሶኒ በእያንዳንዱ ላይ ይከስር ነበር። ፕሮሰሰሩ ኃይለኛ ነበር፤ ኃይሉን ለማውጣት ግን ፕሮግራመሩ ሥራውን በልዩ ልዩ ክፍሎች ከፋፍሎ መጻፍ ነበረበት። ሳተርንም ሁለት ዋና ፕሮሰሰር ይዞ በዚሁ ነገር ነው የተጠላው። ኤክስቦክስ 360 በአንድ ዓመት ቀድሞ ወጥቷል፤ ለሥራም ይቀላል። ስለዚህ ኩባንያዎቹ መጀመሪያ ለእሱ ይሠሩና ወደ ፕሌይስቴሽን 3 ያዞሩታል፤ የዞረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይንገራገጭ ነበር። ሶኒ ዋጋ ቀንሶ፣ የራሱን ስቱዲዮዎች አሠርቶ በኋላ አንሠራርቷል። ትምህርቱ የታየው ግን በቀጣዩ ነው። ፕሌይስቴሽን 4ን እንዲመራ የተመረጠው ማርክ ሰርኒ ራሱ ጌም ሠሪ ነበር። ምን እንደሚፈልጉ ጌም ሠሪዎቹን እየዞረ ጠየቀ። ከተራ ኮምፒውተር ጋር የሚቀራረብ ፕሮሰሰርና 8 ጊጋባይት ፈጣን ሜሞሪ ያለው ማሽን ወጣ። ከ117 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ወጣቱ፦ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። በኪሳራ እየሸጡ እንዴት ይኖራሉ?

ጋሼ፦ ስልክ ኩባንያ ሲም ካርዱን በርካሽ ሰጥቶህ በአየር ሰዓቱ እንደሚሰበስበው ነው። ማሽኑን ያለ ትርፍ፣ አንዳንዴም በኪሳራ ይሰጡሃል፤ ከዚያ ከሚሸጠው ጌም ሁሉ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፣ ሌላ ኩባንያ የሠራውም ቢሆን። ይኼንን ሥርዓት ያጠበቀው ኒንቴንዶ ነው። አታሪ በሩን መዝጋት ስላልቻለ ማንም ተነሥቶ ለማሽኑ ጌም ይሠራ ነበር። ገበያው በኮተት ተጥለቀለቀና በ1983 ፈረሰ። አታሪ ያልተሸጠ ካርትሪጅ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ቆሻሻ መጣያ ወስዶ ቀበረ፤ ቀልድ እንዳይመስልህ፣ በ2014 ቆፍረው አውጥተውታል። ኒንቴንዶ አሜሪካ ሲገባ ማሽኑ ውስጥ እሱ ያልፈቀደውን ካርትሪጅ የማይቀበል ቺፕ ከተተ። ለአንድ ኩባንያ የሚፈቅደውም በዓመት አምስት ጌም ብቻ ነበር።

ወጣቱ፦ ባለ ሱቆቹ ግን ከዚያ ሁሉ ኪሳራ በኋላ እንዴት ተቀበሉት?

ጋሼ፦ አልተቀበሉትም! በ1985 አሜሪካ ውስጥ «ቪዲዮ ጌም» ስትል ባለ ሱቅ ፊቱን ያዞርብህ ነበር። ስለዚህ ኒንቴንዶ ሮብ የሚባል ትንሽ ፕላስቲክ ሮቦት አብሮ ሸጠ፤ ዕቃው መጫወቻ እንዲመስል። ሮቦቱ እንደ ጨዋታ የረባ ነገር አልነበረም። ኒው ዮርክ ውስጥ ሲጀምሩ ማሳያውን ራሳቸው ሠርተው፣ ያልተሸጠውን መልሰን እንወስዳለን ብለው ነው መደርደሪያ ያገኙት። ማሪዮ የመጣው በዚህ በተከፈተ በር ነው። በመጨረሻ ማሽኑ ወደ 62 ሚሊዮን ተሸጧል።

ወጣቱ፦ እሺ፣ አሁን የእርስዎን ሐሳብ የሚያፈርስ ነገር ላምጣ። ዊ። ትልልቆቹ ጌም ሠሪዎች ለዚህ የኒንቴንዶ ማሽን ብዙም አልሠሩም። 101 ሚሊዮን ተሸጠ።

ጋሼ፦ ይኼ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሐሳቤንም ያጎብጠዋል። ኒንቴንዶ ከሌሎቹ የሚለየው ዋናው ጌም ሠሪ ራሱ መሆኑ ነው። ማሽኑንና ጌሙን አንድ ላይ ያስባቸዋል። ዊ ስፖርትስን ከጃፓን ውጭ በሳጥኑ ውስጥ ከተተው፤ የሚይዙትን እንደ ቴኒስ ራኬት ወይም እንደ ቦውሊንግ ኳስ ማወዛወዝ ነው፤ ማስረዳት አያስፈልግም። አሜሪካ ውስጥ የአረጋውያን መኖሪያዎች የዊ ቦውሊንግ ውድድር ያዘጋጁ ነበር። 250 ዶላር ነው፤ ያውም ያለ ኪሳራ። ከሶኒና ከኤክስቦክሱ ማይክሮሶፍት ጋር አልተሻማም፤ እነሱ ያላዩትን ሰው ነው የወሰደው።

ወጣቱ፦ ታዲያ ማሸነፊያው ይኼ ነዋ!

ጋሼ፦ ለአንድ ጊዜ። ቦውሊንግ ሊጫወቱ የገዙት እናት ሁለተኛ ጌም ሊገዙ ወደ ሱቅ አይመለሱም፤ ቦውሊንጉ ይበቃቸዋል። በ2012 ዊ ዩ ሲመጣ እኚያ እናት አልተነሡም፤ ብዙው ሰውም ለዊ የሚገጠም ተጨማሪ ዕቃ መስሎት ነበር፤ ስልክም ትንሹን ጨዋታ ወስዶታል። 13 ሚሊዮን ተኩል። ያው ኩባንያ፣ በስድስት ዓመት ልዩነት። ከዚያ በ2017 ስዊችን አወጡ፤ ቤትም ይሠራል፣ መንገድም ይሠራል። በፊት ለእጅና ለቤት ለየብቻ ጌም ያወጡ ነበር፤ አሁን ሁሉም ጌማቸው አንድ ማሽን ላይ ተሰበሰበ። እሱም ከ150 ሚሊዮን አለፈ።

ወጣቱ፦ አዲስ አበባ ግን ከዚህ ሁሉ የሚመስል ነገር የለም፣ ጋሼ። ሰፈራችን ውስጥ ማሽን የገዛ ልጅ አላውቅም ነበር። ፕሌይስቴሽን ቤት ሄደን ለአንድ ግጥሚያ እንከፍላለን፤ የተሸነፈ ይነሣል። ጌሙ ኳስ ነው፤ ሌላ የሚጠይቅ የለም። ሲዲውም የተቀዳ ነው።

ጋሼ፦ እዚያ የሲም ካርዱ ስሌት ይፈርሳል፤ ሶኒ ከተቀዳው ሲዲ ምንም አያገኝም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከሰፈራችሁ አንዱ ውጭ አገር ያለ ዘመዱ «ምን ልላክልህ?» ቢለው ምን ይላል?

ወጣቱ፦ ፕሌይስቴሽን።

ጋሼ፦ ኤክስቦክስስ?

ወጣቱ፦ ምን ያደርግለታል? ጆይስቲኩን ማን ያውቀዋል፤ ከማን ጋርስ ይጫወታል?

ጋሼ፦ «ከማን ጋር» አልክ። ጌም ሠሪው በሩን ይከፍታል፤ ገዢውን እዚያ ቤት የሚያቆየው ግን ጓደኛው ነው። ኤክስቦክስ 360 ሦስት ቀይ መብራት እያበራ ይሞት ነበር፤ በጣም በብዛት። በ2007 ማይክሮሶፍት ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ መዘገበ። ሌላ ዕቃ ቢሆን በዚህ ይቀበር ነበር። ሰዉ ግን አሠርቶ ወይ ለውጦ ተመለሰ፤ ሃሎ የሚባለውን ጌም በኢንተርኔት፣ በኤክስቦክስ ላይቭ፣ አብሮት የሚጫወተው ቡድን እዚያ ነዋ። ከ80 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ወጣቱ፦ ይኼን ሁሉ ሰው ይዞ ማይክሮሶፍት እንዴት አጣው?

ጋሼ፦ ጓደኝነቱን ነካው። በ2013 ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቁ ያገለገለ ጌም መሸጥና ማዋስ ላይ ገደብ አበጁ፤ ማሽኑም በየ24 ሰዓቱ ኢንተርኔት ማግኘት ነበረበት። ሶኒ አጭር ቪዲዮ ለቀቀ፤ «ጌም እንዴት ይዋሳል?» የሚል። አንዱ የሶኒ ኃላፊ ለሌላው ሲዲውን ይሰጠዋል፣ ያኛው «አመሰግናለሁ» ይላል፤ አለቀ። ማይክሮሶፍት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ፤ ወሬው ግን አንዴ ወጥቷል። ደግሞ ጊዜው ክፉ ነበር፤ ሰው ጌምን በኢንተርኔት ገዝቶ ማከማቸት የጀመረበት ዘመን ነው። የኤክስቦክስ ኃላፊ የነበረው ፊል ስፔንሰር በኋላ እንደተናገረው፣ ከሁሉም የማሽን ትውልዶች ሊሸነፉበት የማይገባው ያ ነበር። ሲዲ ቢሆን ትሸጠዋለህ፤ አካውንትህ ላይ ያለውን የገዛኸውን ሁሉ ግን ጥለህ ነው ወደ ሌላው የምትሄደው። ስልክህ ላይ ላየኸው ጥያቄ ግማሹ መልስ ይኼ ነው። በ2020 ብርቱ ማሽን ይዘው ሲመጡ ሰዉ ቤቱን ሠርቶ ገብቶ ነበር።

ወጣቱ፦ አሁን ደግሞ የማይክሮሶፍትን ጌሞች ፕሌይስቴሽን ላይ እያየሁ ነው። ጊርስ ኦቭ ዋርም ወጣ።

ጋሼ፦ አዎ፣ በ2025። ሃሎም እንደሚመጣ በዚያው ዓመት ተነገረ። አክቲቪዥን ብሊዛርድ የሚባለውን ጌም ሠሪ በ68.7 ቢሊዮን ዶላር የገዛ ኩባንያ ያንን ገንዘብ በራሱ ማሽን ብቻ አይመልሰውም፤ ሰው ወዳለበት ሄዶ መሸጥ አለበት። ሌላም የተገለበጠ ነገር አለ። እኔ በሠራሁበት ዘመን ማሽን ሲያረጅ ይረክሳል፤ ገዢው «ገና ይቀንሳል» ብሎ ይጠብቃል። በ2025 ግን ፕሌይስቴሽን 5 ከወጣ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ አሜሪካ ውስጥ 50 ዶላር ጨመረ፤ ኤክስቦክስም በዚያው ዓመት ደጋግሞ ጨምሯል። «ሲረክስ እገዛለሁ» የሚለው ሰው እንግዲህ ምን እንደሚያደርግ እኔም ለማየት ጓጉቻለሁ።

ወጣቱ፦ እንግዲያው እኔ ጌሜን ለየትኛው ልሥራ?

ጋሼ፦ መጀመሪያ ለኮምፒውተር አውጣው፤ እዚያ ፈቃድ የሚያስለምንህ የለም። ጎን ለጎን ለሦስቱም ማሽን ሠሪዎች አመልክት። መሣሪያውን ሰጥቶ፣ ስትጠይቀው የሚመልስልህ የትኛው እንደሆነ እይ። ለመሆኑ ጌምህ ምንድነው?

ወጣቱ፦ የታክሲ ረዳት ነው። ከመገናኛ እስከ ፒያሳ ሰው ይጭናል፣ ሒሳብ ይሰበስባል፣ ከትራፊክ ይደበቃል።

ጋሼ፦ ደስ ይላል። ስንት ሰው አብሮ ይጫወተዋል?

ወጣቱ፦ አንድ። ረዳቱ ብቻ።

ጋሼ፦ ሾፌሩስ?

ወጣቱ፦ ሾፌሩን ኮምፒውተሩ ነው የሚነዳው።

ጋሼ፦ ሾፌሩን ለጓደኛው ስጠውና ከዚያ እናመለክታለን።